የዕቅድ ውይይት፦ ስኳር ያልተጨመረበት ማርማላታ ለህዳር 5

ሰብሳቢ (ደብረ ማርቆስ)
እንደምን ሰነበታችሁ? ህዳር 5 የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ነው። ዘንድሮ ከንግግር ያለፈ ነገር እናድርግ ተባብለን ነበር። ረቂቁ ይኸው፦ ስኳር ያለባቸው ሰዎችና ምግብ የሚሠሩላቸው ቤተሰቦች ተሰብስበው፣ ስኳር ሳይጨመርበት የፍራፍሬ ማርማላታ መሥራትን በተግባር ይማራሉ። ለጾምም ይሆናል። ጾም ሲገባ «ዳቦውን በምን እንብላው?» የማይባልበት ቤት የለም። የጎደለውን ጨምሩ፣ የማይሆነውን አውጡ።

አባል (ቡሬ)
ሐሳቡ ሸጋ ነው። ግን ለምን በማር አንሠራውም? ጎጃም ተቀምጠን ማር ምን አጣን? ንጹሕ ማር ተፈጥሮ ነው፣ እንደ ፋብሪካ ስኳር አይጎዳም ሲሉ እሰማለሁ።

አባል፣ ነርስ (ፍኖተ ሰላም)
ጋሼ፣ አይቀየሙኝና በዚህ አልስማማም። ከ100 ግራም ማር 80 ግራም ያህሉ ስኳር ነው። የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። ቴምርም ያው ነው። «ማር ብቻ ነው የቀመስኩት» እያሉ ስኳራቸው በጣም ወጥቶ የሚመጡ ሰዎችን አያለሁ፣ ያሳዝነኛል። በማኅበራችን ስም ማር ያለበት ነገር ለስኳር ሕመምተኛ ይሆናል ብለን ከሰጠን ሰው ያምነናል።

ሌላው ዳቦው ነው። የሱቅ ማርማላታ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 13 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። በዘይቱን (በጉዋቫ ፍሬ) ብቻ የተሠራው በኔ ስሌት ከ4 ግራም አይበልጥም። 30 ግራም የምትመዝን ቁራሽ ዳቦ ግን ብቻዋን 15 ግራም አላት። የድፎ ዳቦ ቁራሽማ ከዚያም ትበልጣለች። ስለዚህ ማንኪያውንም ቁራሹንም አብረን እንለካ። በፍስክ ቀን ስኳር በሌለው እርጎ ቢበላ ደግሞ የተሻለ ነው።

አባል (ባሕር ዳር)
እኔ ዘይቱን ይሁን እላለሁ። ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን ዘይቱን ውስጥ በብዛት አለ። የተለመደው የሱቅ ፔክቲን ብዙ ስኳር ካላገኘ አይረጋም፣ ለኛ አይሆንም።

አሠራሩ ይኸው። ግማሽ ኪሎ የበሰለ ዘይቱን፣ ከውስጡ ሁለት ሦስቱ ገና ጠንከር ያሉ ይሁኑ። ፔክቲን የሚበዛው በነዚያ ነው። ከትፋችሁ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ቀቅሉት። ሲለሰልስ በወንፊት ላይ በማንኪያ እያሻችሁ አሳልፉት፣ ዘሩ ከወንፊቱ ላይ ይቀራል። ከዚያ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ጨምራችሁ በቀስታ እሳት ይንተክተክ። ማማሰሉን አታቋርጡ፣ ቶሎ ያርራል። በእንጨት ማንኪያ የድስቱን ሥር ስትጭሩት መስመሩ ቶሎ ካልተዘጋ ደርሷል።

ኢንተርኔት ላይ «105 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱ» የሚለውን አትከተሉ። እሱ በባሕር ጠለል ከፍታ፣ ስኳር ለበዛበት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስኳር የሌለበት ድስት ከዚያ ብዙም ፈቀቅ አይልም። ቴርሞሜትር ስትጠብቁ ያርርባችኋል።

ዘይቱን ከጠፋ እንጆሪ ይሠራል፣ ግን ይቀጥናል። ከእሳት ስታወርዱት አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ጨምሩና ሩብ ሰዓት ተዉት። ተልባው ከመፈጨቱ በፊት በስሱ ይታመስ። ካጠቆራችሁት የፍሬው ጣዕም ይጠፋል።

አባል (ዳንግላ)
እታለም፣ አሠራሩን ወድጄዋለሁ። የማስቀመጡ ነገር ግን ያሳስበኛል። እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሁለት ቀን የሚቆይበት ጊዜ አለ። ፍሪጅ የሌለውስ?

አባል (ባሕር ዳር)
እውነትህን ነው፣ ወንድሜ። የሱቁን ማርማላታ ከመበላሸት የሚጠብቀው ስኳሩ ነው። የኛ ያ የለውም። ትንንሽ ብልቃጥ እንጠቀም፣ ቀቅለን እናጽዳ። ፍሪጅ ውስጥ ከሁለት ሳምንት አይለፍ። ፍሪጅ የሌለው የዕለቱን ብቻ ይሥራ፣ ከተረፈም ለጎረቤት ያካፍል። ሻጋታ ካዩበት ላዩን ገፎ መብላት የለም፣ ሙሉውን መድፋት ነው።

አባል፣ እናት (እንጅባራ)
አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ልጄ ኢንሱሊን ትወስዳለች። ስኳሯ ሲወርድ ላብ ያጠምቃታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። የዚያን ሰዓት ቤት ያለ ሰው ደንግጦ «ጣፋጭ ነው» ብሎ ይህን ማርማላታ ቢያጎርሳት አያነሳትም። የሚያስፈልጋት በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ነው። እባካችሁ ብልቃጡ ላይ በትልቁ ይጻፍ።

አባል፣ ነርስ (ፍኖተ ሰላም)
እትዬ፣ ይህን ስላነሱት እግዜር ይስጥልን። ከሁሉ በፊት መግባት ያለበት ይኸ ነው።

አባል (ቡሬ)
ማሩን ትቻለሁ፣ አሳምናችሁኛል። ጣዕሙ ጎምዘዝ ላለበት ሰውስ?

አባል (ባሕር ዳር)
ስቴቪያ (ከቅጠል የሚገኝ፣ ስኳር ያልሆነ ማጣፈጫ) ላገኘ ጥቂት ይበቃል። ውድ ስለሆነ በዕቅዱ አናስገድድ።

ሰብሳቢ (ደብረ ማርቆስ)
እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦

«ማኅበሩ ህዳር 5 ስኳርም ማርም ያልተጨመረበት የዘይቱን ወይም የእንጆሪ ማርማላታ አሠራር በተግባር ያሳያል። እያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ የተሠራበት ቀን፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ እንዳይበልጥ፣ እና ‹ስኳር ሲወርድ ይህን አትስጡ፣ ስኳር በውሃ ስጡ› የሚል ይጻፋል። መድኃኒት የሚተካ ነገር እንዳልሆነ በመክፈቻው ላይ ይነገራል።»

ብልቃጥ ከቡሬ፣ ወንፊትና ድስት ከኛ። የጽሑፉን ቃል ነርሷ እህታችን ታየዋለች። እትዬ፣ እርስዎም ከመታተሙ በፊት ያንብቡት። ባሕር ዳሮች ጥቅምት ላይ አንድ ድስት ሞክራችሁ ስንት ብልቃጥ እንደሚወጣው ንገሩን፣ በጀቱን በዚያ እሠራለሁ። ተቃውሞ ያለው እስከ እሑድ ይጻፍልኝ።