«አቴይንደር»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ የእንግሊዝ አገር የኖርፎክ ዱኮች የሆኑትን የሃዋርድ ቤተሰብን የዘር ሐረግ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው፣ ዱክን መስፍን ብዬዋለሁ የሐረር መስፍን እንደምንለው፣ ችግሩ በየትውልዱ «አቴይንደር» የሚል ቃል ይመጣል፣ የሞት ፍርድ ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም እህቴ፣ እዛው ሐረጉ ላይ ሁለት ሰዎች ያፈርሱብሻል። የመጀመሪያው መስፍን ጆን ሃዋርድ እ.ኤ.አ በ1483 ከሪቻርድ ሳልሳዊ ማዕረጉን አገኘ፣ በ1485 ደግሞ ቦስወርዝ ላይ ከንጉሡ ጎን ሲዋጋ ወደቀ፣ ያሸነፈው ሄንሪ ሰባተኛ በፓርላማ አቴይንደር ያሳወጀበት ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው፣ እና ለሞተ ሰው ምን የሞት ፍርድ አለ? የልጅ ልጁ ሦስተኛው መስፍን ቶማስ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በጃንዋሪ 1547 ገጣሚው ልጁ ሄንሪ አንገቱን ተቀላ፣ በአባትየውም ላይ አቴይንደር ታወጀ፣ ሊገደል ተራውን ሲጠብቅ ሄንሪ ስምንተኛ በ28ኛው ቀን ሌሊት ሞተና ተረፈ፣ ዓመታት የለንደን ግንብ ውስጥ ታስሮ በ1553 ንግሥት ሜሪ ፈታችው፣ በዓመቱ በሕመም በራሱ አልጋ ላይ አረፈ። አንዱ ሞቶ ታወጀበት፣ አንዱ ታውጆበት ኖረ።

ቃሉ የሚለው ሌላ ነገር ነው፦ ፓርላማው ወይም ፍርድ ቤት ሰውየውን ከሃዲ ነው ይለዋል፣ መሬቱም ማዕረጉም ለዘውዱ ገቢ ይሆናል፣ ልጆቹም በሱ በኩል የሚያገኙት ነገር አይኖርም፣ ሕጉ ራሱ «የደም መበላሸት» ይለው ነበር። ተወረሰ ልትዪ ትችያለሽ ግን እዚ ጋ ያምታታል፣ ልጅ አባቱን ወረሰ እንላለን፣ ደርግም ትርፍ ቤት ወረሰ እንላለን፣ በአንድ የዘር ሐረግ ላይ ሁለቱን በአንድ ግስ ከጻፍሽ አንባቢው ማን ከማን እንደወሰደ ይጠፋበታል። እኔ ብሆን «ከርስትና ከማዕረግ ተነቀለ» እላለሁ፣ ከርስቱ ተነቀለ የሚለውን የድሮ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ልጆቹም አብረው እንደሚነቀሉ ቃሉ ራሱ ይናገራል።

ጥያቄ፦ በጣም አመሰግናለሁ! ግን አራተኛው መስፍን በ1572 ተገድሎ ከተነቀለ ልጁ ፊሊፕ እንዴት የአረንደል ኧርል (ከዱክ ዝቅ ያለ ማዕረግ) ሆነ?

መልስ፦ በእናቱ በኩል ነዋ። እናቱ ሜሪ ፊትዛላን የአረንደሉ ኧርል ልጅ ነበረች፣ አያትየው በ1580 ሲሞቱ ማዕረጉ ለፊሊፕ ደረሰው፣ ነቀላው የሚዘጋው በተነቀለው ሰው በኩል የሚመጣውን ብቻ ነው። ዛሬ የኖርፎክ መስፍን ተብለው ሰሴክስ ውስጥ አረንደል ቤተ መንግሥት የሚኖሩትም በዚች ሴት ምክንያት ነው፣ እኔ ብሆን ስሟን ከዱኮቹ እኩል በትልቁ ነው የምጽፈው። ፊሊፕም በተራው በካቶሊክነቱ ታስሮ በ1589 ተነቀለ፣ በ1595 እዛው ግንቡ ውስጥ ሞተ፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1970 ቅዱስ ብላዋለች።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፣ መስፍንነቱ የተመለሰላቸው በ1660 ነው፣ ከ1572 በኋላ 88 ዓመት ማለት ነው፣ ስለዚ አራተኛውና አምስተኛው መስፍን ቁጥራቸው ስለተከታተለ አባትና ልጅ እንዳታደርጊያቸው፣ መሀላቸው ፊሊፕ፣ የፊሊፕ ልጅ ቶማስና የቶማስ ልጅ ሄንሪ ፍሬድሪክ አሉ፣ ሦስቱም አንድ ቀን የኖርፎክ መስፍን ሳይባሉ ነው የሞቱት።