ባሕር ዳር ውስጥ ለዲሶሴሽንና ለልጅነት የሥነ ልቦና ቁስል የሚሆን ባለሙያ በምን ይታወቃል?

የሽምብጡ ወንድም፦
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ከ24 ዓመት እህቴ ጋር እኖራለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ እየተጨዋወትን ሳለ በድንገት ፈዝዛ ትቀርና ስትመለስ ምን እንደተባባልን አታስታውስም፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከገበያ ዕቃ ገዝታ ትገባና መቼ እንደወጣች እኔን ትጠይቀኛለች። ድምፅዋ እንደ ሕፃን የሚሆንበት ጊዜም አለ። በልጅነቷ የደረሰባት መከራ ከባድ ነው፤ ዝርዝሩ የእርሷ በመሆኑ እዚህ አልጽፈውም። እናታችን አንዳሳ ጸበል ወስዳት ሁለት ሱባኤ ተቀምጠዋል፤ እህቴ እዚያ እንቅልፍ እንዳገኘች ብትናገርም መጥፋቱ ግን አልተዋትም። ኋላ ወደ አንድ የግል አማካሪ ብንሄድ፣ በመጀመሪያው ቀን የልጅነቷን ነገር ከሥር ጀምሮ አስተረካትና ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዐይኗ ሳይዞር አለፈ፤ ከዚያ ወዲህ የሐኪም ስም ሲነሣ ክፍሏን ትዘጋለች። ሳነብ እንደተረዳሁት ነገሩ ዲሶሴሽን የሚባለውን፣ አእምሮ ከትዝታውና ካለበት ሁኔታ ለጊዜው የሚለያይበትን ሕመም ይመስላል። እዚሁ የሚታከም ነው ወይስ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ልውሰዳት? ባለሙያው እንደሚችልስ በምን አውቃለሁ?

የሌሊት ተረኛ፦
ወንድሜ፣ የሥነ አእምሮ ነርስ ነኝ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጥል በሽታ አለመሆኑ ይጣራ፤ በአንጎል የጎን ክፍል የሚነሣው ዓይነት ሰውን መሬት ላይ ሳይጥለው ለጥቂት ደቂቃ አፍዝዞ ትዝታውን ሊያሳጣው ስለሚችል ከዲሶሴሽን ጋር ይምታታል። እዚሁ ያሉት የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ሕክምና ስለሚሰጡ ከሁለቱ በአንዱ ይጀምሩ፤ ወረፋው እንደሚያሰለች ግን አልደብቅዎትም። ዲሶሴሽንን ራሱን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ክኒን የሚታዘዘው አብረውት ለሚመጡት እንደ ድብርትና ጭንቀት ላሉት ነው። ዋናው ሕክምና በንግግር የሚሰጠው ሲሆን ወራት፣ ብዙ ጊዜም ዓመታት ይወስዳል። ለአንድ ጊዜ ምርመራ አማኑኤል መሄድ አይከፋም፤ ነገር ግን በየሳምንቱ ዓባይን እየተሻገረ የሚመላለስ ቤተሰብ ስንት ነው? በቅርብ ሆኖ ሳያቋርጥ የሚያያት ሰው በሩቅ ካለው አንቱ ከተባለ ባለሙያ ይበልጥባታል።

ያለፈችበት፦
እኔ በዚሁ መንገድ ያለፍኩ ነኝ፤ እህትዎ ሦስት ሌሊት ያልተኛችው ደካማ ስለሆነች ሳይሆን የሕክምናው ቅደም ተከተል ስለተገለበጠባት ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ሕክምናውን በሦስት ደረጃ ከፍለውታል፤ በመጀመሪያ ደኅንነትና መረጋጋት፣ ቀጥሎ ያለፈውን ማስታወስና ማዘን፣ በመጨረሻም ከሰውና ከኑሮ ጋር ዳግም መገናኘት ነው። የእህትዎ አማካሪ ከሁለተኛው ጀመሩ። እኔ ባለሙያ ስፈልግ ከዲግሪያቸው ይልቅ «ፊትዎ ተቀምጬ ብጠፋ ምን ያደርጋሉ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። አንዷ «እንዲህ ያለ ታካሚ ብዙ አላየሁም፤ ስትጠፊ ግን ስምሽንና ያለንበትን ቦታ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ፣ ያላወቅሁትንም ከሚያውቁት ጋር እመካከራለሁ» አሉኝ፤ እስካሁን የማያቸው እርሳቸውን ነው። «የረሳሽውን ሁሉ አወጣልሻለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግን ተነሥታችሁ ውጡ፤ በጉትጎታ የሚወጣ ትዝታ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ሊተክል ይችላል። እስከዚያው ድረስ፣ መፍዘዝ ስትጀምር ሳይነኳት ጤና አዳም አሽትታ እግሯን ወለሉ ላይ እንድትጫን ይንገሯት። እኔ ቅጠሉን ከቦርሳዬ አልለይም፤ ባጃጅ ውስጥ ሳወጣው ሰው ቢስቅም።

ዲያቆኑ ተማሪ፦
በሥነ ልቦና ትምህርት ላይ ያለሁ ዲያቆን እንደመሆኔ ስለ ጸበሉ አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ ይህ ሕመም በአንዳንድ ባህል እንደ መንፈስ መያዝ ሆኖ እንደሚገለጽ ይጠቅሳል፤ ሰፊ ተቀባይነት ያለው የሃይማኖት ሥርዓት አካል የሆነውን ግን ሕመም አይለውም። ስለዚህ እናትዎን «ጸበል ወይስ ሐኪም» ብሎ ማስመረጥ አያስፈልግም። የሚያስፈራኝ «መንፈሱ ይናገር» ተብሎ በሰው ፊት እንዳይጮኽባት፣ ወይም የታዘዘላትን ክኒን እንድታቆም እንዳትደረግ ነው።

የሽምብጡ ወንድም፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ትናንት ማታ ለእህቴ አነበብሁላት። የጤና አዳሙን ስትሰማ ፈገግ አለች፤ ጠዋት ከጓሯችን ቀጥፋ መሀረቧ ውስጥ ቋጥራዋለች። ሆስፒታል ለመሄድም ተስማምታለች፤ የምታያት ባለሙያ ሴት እንድትሆን፣ እኔም ከክፍሉ ውጭ እንድጠብቃት ጠይቃለች። የሌሊት ተረኛ፣ ሴት ባለሙያ እንድትመደብላት ካርድ ስናወጣ መጠየቅ ይቻላል?

የሌሊት ተረኛ፦
ካርድ ክፍል ላይ ሳይሆን የሥነ አእምሮ ክፍሉ ስትደርሱ ለተረኛዋ ነርስ ይንገሩ። በጠዋት ድረሱ።