በቅሎዋ ብቻዋን መጣች፣ አጎቴ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም

የሙጋ ዳር ልጅ፦
ሰላም የጎጃም ልጆች። ነገሩ የቆየ ነው፣ ሰሞኑን ግን ቤታችን ውስጥ እንደ አዲስ ተነሳ። አጎቴ በ2002 ዓ.ም ነሐሴ ላይ ገበያ እንደወጣ ቀረ። አገሩ ከቢቸና ብዙም አይርቅም፣ ቀበሌውን ልዝለለው፣ መቼም ሁሉም ይተዋወቃል። ማታ በቅሎዋ ብቻዋን መጣች። ኮርቻው ወደ ሆዷ ዞሯል፣ የገዛው ጨው ግን ከነመቋጠሪያው አለ። አያቴ እንደምትለው ጨዉ ደረቅ ነበር፣ ስለዚህ ልጄን ወንዝ አልወሰደውም ባይ ናት።

ፈላጊዎቹ የሙጋን ወንዝ ዳር ለዳር ይዘው ወደ ዓባይ በረሃ እስኪጠጉ ወረዱ። አንዲት ጨርቅ እንኳ አልተገኘም። ፖሊስ ቃል ተቀበለ፣ ሽማግሌዎች አውጫጭኝ (ጥፋተኛው እንዲወጣ አገሬው የሚሰበሰብበትን ሸንጎ) ጠሩ፣ ሦስት እሑድ ዛፍ ጥላ ስር ተቀመጥን። መጨረሻ ላይ ወፍ ነገረን ተባለና የአንድ ቤት ስም ወጣ። ከአጎቴ ጋር የድንበር ጠብ ነበራቸው። ማስረጃ? ምንም። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለቱ ቤቶች ለቅሶ እንኳ አይደራረሱም።

አሁን ሚስቱ የመሬቱን ነገር በሕግ ልጨርስ ትላለች። አያቴ ደግሞ "በቁሙ ተዝካሩን ልታበሉ ነው?" ብላ እህል አልቀምስ አለች። በሕግ ምን ማድረግ ይቻላል? ፍለጋውንስ ከየት እንጀምር?

ነገረ ፈጅ ከማርቆስ፦
ወንድሜ፣ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 154 ለዚሁ የተጻፈ ነው። ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ የመጥፋት ውሳኔ መጠየቅ ይችላል። ለአያትህ ቀስ ብለህ አስረዳት፣ ፍርድ ቤቱ ልጅሽ ሞቷል ብሎ እንዲምል አይደለም፣ ጠፍቷል ነው የሚለው። ከተመለሰ ንብረቱን ባለበት ሁኔታ ይረከባል። ጋብቻው ግን በውሳኔው ይፈርሳልና ሚስቱ ይህን አውቃ ትግባበት።

ስለ ወንጀሉም አንድ ነገር ልበል። ከባድ ግድያ ከሆነ ይርጋው 25 ዓመት ነው፣ ስለዚህ "ጊዜው አልፏል" የሚላችሁን አትስሙ። መዝገቡን ከፖሊስ ጠይቁ፣ ያኔ ማን ምን ብሎ ቃል እንደሰጠ እዚያ አለ።

ጮቄ ብርዱ፦
ይቅርታ፣ ላስቀይም አይደለም። በነሐሴ፣ በጎጃም፣ ከገበያ የመጣ ጨው ደረቅ?? በቅሎዋ ወንዝ ባትሻገርም ዝናቡ የት ሄደ? ወይ ጨዉ በላስቲክ ነበር፣ ወይ አያትህ የምትለው ቆይቶ የተጨመረ ነው። በላስቲክ ከነበረ ደግሞ ወንዙን አያስቀርም። አውጫጭኙንም ተወው። ወፍ የሚባለው ስሙ የማይታወቅ ሰው እኮ ነው፣ ቂም ያለውም ወፍ ይሆናል። እኛ አገር በአንድ የበሬ ስርቆት እንዲህ ተብሎ አንድ ቤተሰብ ተነቅሎ ሄደ፣ በሬው በኋላ ገደል ገብቶ ተገኘ።

እቴቴ ከቡሬ፦
አይዞህ የኔ ወንድም። እኛ ሰፈር መተከል ለቀን ሥራ ወርዶ የቀረ ልጅ ነበር፣ ዘጠኝ ዓመት። ተዝካሩ ወጣ፣ ሚስቱም አገባች። አንድ ማታ ቡና ተቀድቶ "ቤቶች" የሚል ድምፅ መጣ፣ እናቱ ሲኒውን እንደያዘች "ማን ልበል?" አለች። ድምፁን አላወቀችውም እኮ! ታሞ ነበር፣ ባዶ እጄን አልመለስም ብሎ ነበር፣ ዝርዝሩ ብዙ ነው። ቀይ መስቀል ቤተሰብ የማፈላለግ ሥራ አለው፣ ጠይቁ። አያትህን ግን በተስፋ አታሞኛት፣ የእኛው አንድ ነው፣ ያልተመለሱት ስንት ናቸው።

የሙጋ ዳር ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጮቄ ብርዱ መጀመሪያ አናደድከኝ፣ ከዚያ ለታላቅ አጎቴ ደወልኩ። ጨዉ በላስቲክ ነበር አለኝ። በቅሎዋም እስከ ሆዷ ጭቃ ነበረች አለ። አያቴ ፊት ለምን አትናገርም ስለው "ለምን ብዬ?" አለኝ።

አንድ ነገር ግን አስደነገጠኝ። በቅሎዋን መንገድ ላይ ይዞ እስከ በራችን ያመጣት የዚያ ስሙ የወጣበት ቤት ትንሽ ልጅ ነው። የዘጠኝ የአሥር ዓመት እረኛ። የት እንዳገኛት፣ ከየት በኩል እንደመጣች ማንም አልጠየቀውም። አውጫጭኙ ላይ ልጅ አይቀመጥማ። አሁን ባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳል አሉ። ስልኩን ማን እንደሚሰጠኝ ነው የቸገረኝ፣ ከእነሱ ቤት ሰው አናናግርም።