በዛቻ የፈረምነው የቤት ሽያጭ ውል ይፈርሳል? አስቸኳይ ነው

ጠያቂ (ለገጣፎ)፦ ባለቤቴ ለተበደረው 400 ሺህ ብር የሰጠው ቼክ ስንቅ (በሂሳቡ በቂ ገንዘብ) አጥቶ ተመለሰ። አበዳሪው በራችን ላይ ቆሞ «ቤቱን ካልፈረማችሁ አሳስረዋለሁ» ስላለን፣ ዋጋው በኋላ በእስክሪብቶ በተሞላ ወረቀት ላይ ሁለታችንም ፈረምን። ሰኞ ስም ሊያዛውር ነው። እባካችሁ ምን እናድርግ?

አባል ከሰበታ፦ እህቴ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1696 በስህተት፣ በተንኮል ወይም በመገደድ ፈቃዱን የሰጠ ሰው ውሉ እንዲፈርስለት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ማስገደድ የሚባለውም በተዋዋዩ፣ በወላጆቹ፣ በልጆቹ ወይም በትዳር ጓደኛው ሕይወት፣ አካል፣ ክብር ወይም ንብረት ላይ ከባድና የቀረበ አደጋ ሲጋረጥ ነው። ዕድሜና የኑሮ ሁኔታም ይታያል።

አባል ከገላን፦ እኔ አልስማማም። ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ወንጀል ነው፤ መክሰስም የአበዳሪው መብት ነው። በመብቱ ያስፈራራ ሰው አስገደደ ሊባል አይችልም፤ ውልም በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው።

አባል ከሱሉልታ፦ ወንድሜ፣ ቁጥር 1708ን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። በመብት ማስፈራራት ውል አያፈርስም፤ ዛቻው ከልክ ያለፈ ጥቅም ለማግኘት ከሆነ ግን ያፈርሳል። ስለዚህ ቁም ነገሩ ቤቱ ስንት ያወጣል የሚለው ነው። ውሉስ የት ተፈረመ?

ጠያቂ፦ እቤት፣ በሁለት ጎረቤቶች ፊት። ውልና ማስረጃ አልሄድንም። ቤቱ ከብድሩ ብዙ እጥፍ ያወጣል።

አባል ከሰበታ፦ እንዳልኩት ውሉ እንዲፈርስ ይጠይቁ።

አባል ከሱሉልታ፦ መጠየቁ ብቻ ሰኞን አያስቆምም። ቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ ውል መመዝገብ አለበት ስለሚል፣ የእናንተ ውል የምዝገባ ጉድለት ይጠቅማችኋል፤ ነገር ግን ችሎቶች በተለያየ መንገድ ስላዩት እሱን ብቻ አትደገፉበት። ዛሬውኑ ጠበቃ ይዛችሁ፣ ቤቱ ባለበት በኦሮሚያ ፍርድ ቤት ውሉ እንዲፈርስ ክስ አቅርቡ፤ ከክሱ ጋር የእግድ ማመልከቻ አስገቡ፤ ትእዛዙን ስም ለሚያዛውረው ቢሮ አድርሱ። የዛቻ መልእክቶች ካሉ አትሰርዙ። የጎረቤቶቹንም ስም አስመዝግቡ፤ ዋጋው ሲፈረም ባዶ እንደነበረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሕጉ የሰጠው ሁለት ዓመት ዛቻው ካበቃበት ጊዜ ጀምሮ ይቆጠራል፤ ስም ከተዛወረና ቤቱ ለሦስተኛ ሰው ከተሸጠ በኋላ ግን ክርክሩ ይከብዳል። ውሉ ቢፈርስም ብድሩ አይቀርም፤ የቼኩም የወንጀል ጉዳይ ለብቻው ስለሚታይ፣ ባለቤትሽ ስለ አከፋፈሉ በጽሑፍ ሐሳብ ያቅርብ።