ሦስቱን የሶሲዮሎጂ ንድፈ ሐሳቦች በአንድ ጉዳይ ላይ እንዴት እንጠቀምባቸው?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የመግቢያ ሶሲዮሎጂ የቤት ሥራ ላይ ነኝ። ጥያቄው «የትምህርት ቤት ፈተናን በሦስቱ ዋና ዋና ንድፈ ሐሳቦች ተንትኑ» ይላል። የጻፍኩት ባጭሩ ይህ ነው፦ ፈንክሽናሊዝም ፈተና ጠቃሚ ነው ይላል፣ የግጭት ንድፈ ሐሳብ ጎጂ ነው ይላል፣ ሲምቦሊክ ኢንተራክሽኒዝም ደግሞ ተማሪው የሚሰማውን ስሜት ያያል። ረቂቄ ላይ የተሰጠኝ አስተያየት «ሦስት አቋም ነው፣ ትንተና የለበትም» የሚል ነው። ልዩነቱ አልገባኝም። በተጨማሪ የዱርክሃይም አኖሚ (የማኅበራዊ ደንብ መላላት) እና የመርተን አኖሚ አንድ ናቸው?

መዋቅር፦

እህቴ፣ አስተያየቱ ልክ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከልበት ቦታ ስለሆነ ከሥሩ እንየው።

የሚያሳስተው ፈንክሽናሊዝም ስሙን ያገኘበት «ፈንክሽን» የሚለው ቃል ነው። «ጥቅም» ብለን ስንተረጉመው ወዲያው «ጥሩ ነገር» ወደሚል ፍርድ እንገባለን። በሶሲዮሎጂ ግን ፈንክሽን ማለት አንድ ልማድ ወይም ተቋም ላለበት ሥርዓት የሚያስገኘው ውጤት ነው። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1949 ጉዳዩን ለይቶ አስቀምጦታል። ሰዎቹ የሚያውቁትና የሚፈልጉት ውጤት ግልጽ ፈንክሽን ነው፤ ያላሰቡትና ያላስተዋሉት ስውር ፈንክሽን ነው፤ ሥርዓቱን የሚያዳክመው ውጤት ደግሞ ዲስፈንክሽን ይባላል። ፈተና ላይ ስናውለው፣ እውቀትን መለካትና ተማሪን ለቀጣዩ ደረጃ መለየት ግልጹ ነው። ልጆች ሰዓት ማክበርን፣ ብቻ መሥራትንና ከእኩዮቻቸው ጋር መወዳደርን መልመዳቸው ስውሩ ነው፤ በትምህርት ዕቅዱ ላይ ማንም አልጻፈውም። ፈተና የማይወጣበት የትምህርት ክፍል ቀስ በቀስ መተዉ ደግሞ ዲስፈንክሽን ነው። አየሽ፣ እዚሁ ፈንክሽናሊዝም ውስጥ ጉዳቱም አለ። መርተን አጥብቆ የጠየቀውንም አትርሺ፦ «ፈንክሽኑ ለማን?» አንዱን ቡድን የጠቀመ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል።

ፈተና ሰውን ለተለያየ የሥራ ቦታ ስለሚለይ፣ መልስሽን ማጠንከር ከፈለግሽ የኪንግስሊ ዴቪስንና የዊልበርት ሙርን የ1945 ክርክር አስገቢ። ወሳኝ የሆኑና ረጅም ሥልጠና የሚጠይቁ የሥራ ቦታዎች ብቁ ሰው እንዲያገኙ ከፍ ያለ ሽልማት ያስፈልጋቸዋል ይላሉ። ሜልቪን ቱሚን በ1953 የሰጠውን መልስም አያይዢው፦ የቱ ሥራ ይበልጥ ወሳኝ እንደሆነ በምን እናውቃለን? ያልተመጣጠነ ኑሮ ራሱ የብዙ ልጆችን ችሎታ ገና ሳይታይ አይቀብረውም ወይ?

ቅርብ_ዕይታ፦

እኔ ሦስተኛውን ልውሰድ፤ ከሁሉም የሚበደለው እሱ ነው። «ተማሪው ይጨነቃል» ብሎ ማቆም ሥነ ልቦና ነው። የሲምቦሊክ ኢንተራክሽኒዝም ጉዳይ ትርጉም ነው። ስሙን በ1937 ያወጣለት ኸርበርት ብሉመር መነሻዎቹን ሦስት አድርጎ አስቀምጧል፦ ሰው ለአንድ ነገር የሚያደርገው ነገሩ ለእሱ ባለው ትርጉም መሠረት ነው፤ ትርጉሙ የሚመነጨው ከሌሎች ጋር ባለው መስተጋብር ነው፤ ሰውም ትርጉሙን እየተረጎመ ይጠቀምበታል፣ ይለውጠዋልም።

አሁን የታረመ ወረቀት ሲመለስ ክፍሉን ተመልከቺ። አንዷ ወረቀቷን ተቀብላ የላይኛውን ጥግ እጥፍ ታደርገዋለች፤ ቁጥሩ ተሸፈነ። አጠገቧ ያለው ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ ይተወዋል። ሌላው ቦርሳው ውስጥ ይከትና ሲጠየቅ «መቼ አጠናሁና!» ይላል። ትንተናሽ የሚጀምረው እዚህ ነው። ጥጉ የታጠፈው ከማን ዓይን ለመሸሸግ ነው? ከመምህሩ አይደለም፤ ቁጥሩን የጻፈው እሱ ነው። «መቼ አጠናሁና» የሚለው መልስስ ምን ይሠራል? ዝቅተኛውን ውጤት ከ«አይችልም» አውጥቶ «አልፈለገም» ውስጥ ያስገባዋል። ኧርቪንግ ጎፍማን ሰዎች በሌሎች ፊት የሚይዙትን ገጽታ እንዴት እንደሚቆጣጠሩ ያሳየው በዚህ ዓይነት ጥቃቅን ድርጊት ነው። 45 የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ክፍሉ በሙሉ ከ30 በታች ካመጣ ጉብዝና ነው፣ ሁሉም 80 ካለፈ ውርደት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የምታቀርቢው ማስረጃም ከንድፈ ሐሳቡ ጋር ይሂድ። እዚህ የሚያስፈልግሽ ምልከታና ቃለ መጠይቅ ነው። የአንድ አገርን የማለፊያ መጠን አምጥተሽ ስለ ትርጉም ብትከራከሪ አይገጥምም።

ቆጠራ፦

አኖሚውን እኔ ልመልስ። አንድ አይደሉም፤ መርተን ቃሉን ከዱርክሃይም ወስዶ ሌላ ሥራ ሰጥቶታል።

ለኤሚል ዱርክሃይም የሰው ፍላጎት በተፈጥሮው ልክ የለውም፤ ልክ የሚያበጅለት ኅብረተሰቡ ነው። ያ ልጓም ሲላላ አኖሚ ይፈጠራል። በ1897 ስለ ራስ ማጥፋት ባሳተመው ጥናት፣ ቁጥሩ በኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ ብቻ ሳይሆን በድንገተኛ ብልጽግና ጊዜም እንደሚጨምር ተከራክሯል። ስለዚህ «አኖሚ ማለት ድህነት ነው» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ እንዲያውም ድህነት ፍላጎትን ይገታል ብሎ ያምን ነበር። ሌላው ጥንቃቄ፣ የሚያብራራው የቡድኖችን መጠን ነው። ከዚያ ተነስተሽ ስለ አንድ ግለሰብ ምክንያት አትደምድሚ።

መርተን ደግሞ በ1938 ችግሩን ክፍተት ውስጥ አገኘው። ኅብረተሰቡ ለሁሉም አንድ ግብ ያሳያል፤ ወደ ግቡ የሚያደርሰውን ሕጋዊ መንገድ ግን እኩል አያድልም። ሰው ለዚህ የሚሰጠውን ምላሽ በአምስት ከፈለው። በፈተና ስናየው፦ አጥንቶ የሚፈተነው ግቡንም መንገዱንም ተቀብሏል። የሚኮርጀው ግቡን ይዞ መንገዱን ጥሏል፤ መርተን ይህን «ፈጠራ» ይለዋል፣ ቃሉ ሙገሳ እንዳይመስልሽ። ውጤት ማምጣቱን ተስፋ ቆርጦ ግን አንድ ቀን ሳይቀር ማስታወሻ የሚገለብጠው «ሥርዓተኛ» ነው፤ ግቡን ትቶ መንገዱን ብቻ ይዟል። ሁለቱንም ትቶ የጠፋው ሸሺ፣ ሁለቱንም ጥሎ በሌላ ለመተካት የሚታገለው አመፀኛ ነው።

ጀማሪዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ብዙ ጠራልኝ። የግጭቱን ክፍል እንዲህ አስተካከልኩት፦ «ሀብታሞች የራሳቸው ልጆች እንዲያልፉ ሆን ብለው ፈተናን አዘጋጁ።» ይሄስ?

መዋቅር፦

«ሆን ብለው» የሚለውን አውጪው። ከዚህ ንድፈ ሐሳብ ጀርባ ሴራ መኖር የለበትም፤ ማንም ክፉ ሳያስብ ውጤቱ ያው ሊሆን ይችላል። ግጭት ሲባልም ድብድብ አይደለም፤ ውስን በሆነ ሀብት፣ ክብርና ሥልጣን ላይ ያለ ፉክክር ነው። ማርክስን ብቻ ይዘሽ ከሄድሽ ሀብቱ ላይ ትቀሪያለሽ። ማክስ ዌበር ክብርንና ሥልጣንን ለይቶ ጨምሯል፤ የትምህርት ማስረጃም ሌሎችን ከሥራ ማስወጫ አጥር እንደሚሆን አይቷል። ከዚያ የፒየር ቡርዲዩ «ባህላዊ ካፒታል»፣ ማለትም ከቤተሰብ የሚወረስ ቋንቋ፣ እውቀትና ልማድ፣ ይመጣል። እንዲህ ብትጽፊው ይቆማል፦ «ፈተናው የሚጠይቀው ቋንቋና አቀራረብ አንዳንድ ልጆች ቤታቸው ሲሰሙት ያደጉት ነው። ሌሎቹ ግን እሱን ከትምህርቱ ጋር አብረው መማር አለባቸው፤ ውጤቱ ሲወጣ ይህ ልዩነት የተፈጥሮ ችሎታ ልዩነት ሆኖ ይታያል።»