«ዛፉ መልሶ ይበቅላል» ማለት ይበቃል?

ባለምንጩ፦ ትናንት አንዱ እዚህ «ብራዚል በባሕር ዛፍ ከሰል ብረት ታቀልጣለች፤ ዛፉ መልሶ ይበቅላልና ጭሱ አይቆጠርም፤ እኛም ባሕር ዛፍ ሞልቶናል» ብሎ ጻፈ። አንብቤ አንጀቴ አረረ። እኛ ሰፈር ባሕር ዛፍ ከተተከለ ወዲህ ምንጩ ደርቋል። እናቶች ውሃ ፍለጋ ቁልቁል ይወርዳሉ።

ሚናስ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። በብራዚሏ ሚናስ ጌራይስ ግዛት በእንጨት ከሰል የሚሠሩ ብዙ የብረት ማቅለጫ ምድጃዎች አሉ። ከሰሉ ሰልፈሩ ትንሽ ስለሆነ ብረቱ ጥሩ ይወጣል። ባሕር ዛፉ በ7 ዓመት ገደማ ይደርሳል፤ ተቆርጦ መልሶ ይበቅላል። የድንጋይ ከሰል አንዴ ከተቃጠለ ግን ማን ይመልሰዋል?

መሐንዲሷ፦ ወንድሜ፣ «መልሶ ይበቅላል» ትላለህ። የት መሬት ላይ? እዚያው ብራዚል፣ ካራጃስ አካባቢ ላሉት ምድጃዎች የተፈጥሮ ደን እየተመነጠረ ከስሏል። ከሳዮቹም እንደ ባሪያ ሲሠሩ ተገኝተዋል። ሲከሰል የሚወጣው፣ ምድርን የሚያሞቀው ሜቴን ጋዝስ?

ሚናስ፦ ሕገወጦቹን አልደገፍኩም። እኔ የምለው ስለተተከለው ዛፍ ነው።

መሐንዲሷ፦ እሺ፣ የተተከለውን እንውሰድ። ከከሰል ጆንያ ሥር የሚቀረውን ድቃቂ አይተሃል? ችግሩ እሱ ነው። ትልቅ ምድጃ ውስጥ ማዕድኑና ኮኩ (ከድንጋይ ከሰል የሚሠራው ማገዶ) እንደ ፎቅ ተደራርበው ይወርዳሉ። ኮክ ጠንካራ ስለሆነ ክብደቱን ይሸከማል፤ ጋዙም በመሀሉ ያልፋል። የእንጨት ከሰል ግን ተጨፍልቆ መተላለፊያውን ይዘጋል። የብራዚል የከሰል ምድጃዎች ትንንሽ የሆኑት ለዚህ ነው።

ሚናስ፦ ኮኩን ሙሉ በሙሉ እናውጣ ማን አለ? የእንጨት ከሰሉን ዱቄት ከታች ከትኩስ አየሩ ጋር መንፋት ይቻላል። የብረት ኩባንያው አርሴሎር ሚታል ቤልጂየም ጌንት ላይ የተጣለ እንጨት ወደ ከሰል የሚቀይር ፋብሪካ የሠራው ለዚሁ ነው።

መሐንዲሷ፦ ታዲያ እሱ የተጣለ እንጨት ነው! አንተ ያልከው «ባሕር ዛፍ ሞልቶናል» ነበር።

የቸሃ ልጅ፦ ባሕር ዛፍን ለቀቅ አድርጉት! ቤታችን የቆመው በእሱ ነው፤ ታላላቆቼ የተማሩት በእሱ ነው። ምንጭ ያደረቀው ዛፉ ሳይሆን ከውሃው ዳር የተከለው ሰው ነው።

ባለምንጩ፦ ወንድሜ፣ እኛ ጋ ዳገት ላይ ነው የተተከለው። ምንጩ ግን ደርቋል።

የቸሃ ልጅ፦ ዝናቡ ስለቀነሰስ?

ጋሽ ብረቱ፦ ልጆች፣ እዚህ አገር ያሉት ፋብሪካዎች በአብዛኛው ቁርጥራጭ ብረት በመብራት ያቀልጣሉ፤ ካልሆነም ከውጭ የመጣ ቢሌት (ገና ያልተጠናቀቀ የብረት ዘንግ) ወደ ፌሮ ይቀይራሉ። የምትተኩት ኮክ የታለ?

ሚናስ፦ ጋሼ፣ ነገ ከማዕድን ብረት እናወጣለን ብንልስ? ያን ጊዜ የድንጋይ ከሰል በዶላር ልንገዛ ነው?

መሐንዲሷ፦ ያን ጊዜ የማንን ማሳ ባሕር ዛፍ ልታለብሰው ነው? እስኪ እሱን መልስልኝ።

ሚናስ፦ የተራቆተ ኮረብታ ሞልቷል።

ባለምንጩ፦ ከኮረብታው ሥር ሰው ይኖራል።