ለእጅ ባትሪ የሚሞላ ድንጋይና ቻርጀር፦ ወንድሜ ከዱባይ ምን ይዞልኝ ይምጣ?

የወተት ቤት (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ለሁላችሁ። ላሞች አሉኝ፤ ሌሊት አስር ሰዓት ተነስቼ ነው የማልበው። መብራት የሚጠፋው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው። በየጊዜው ባትሪ ድንጋይ መግዛት ሲሰለቸኝ የሚሞላ የእጅ ባትሪ ገዛሁ። ድንጋዩ ላይ 18650 ይላል፤ ከስሩ 9900 ሚሊአምፒር ሰዓት (mAh) ተብሎ ተጽፏል። መጀመሪያም ብዙ አይቆይም ነበር፤ አሁንማ አንዷን ላም አልቤ ሳልጨርስ ይደበዝዛል። ቻርጀሩ ግድግዳ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ቀላል ነገር ነው። ማታ ሰክቼው ሳድር ድንጋዩ እጅ ያቃጥላል፤ መብራቷም ከቀይ ወደ አረንጓዴ አትቀየርም።

ወንድሜ ከዱባይ ሊመጣ ነው፤ "የምትፈልጊውን ጻፊልኝ" ብሎኛል። የእጅ ባትሪው ራሱ ደህና ነው። ድንጋይና ቻርጀር ብቻ ነው የምፈልገው። 9900 ካልበቃ ከዚያ የሚበልጥ አለ?

ሞባይል ጠጋኙ (መገናኛ)
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ቻርጀር ሰክተሽ መተኛት ዛሬውኑ አቁሚ። ቤቱ አጠገብ ድርቆሽ ካለማ ጭራሽ እንዳይሞከር። ሌላው ይደርሳል።

9900 የሚይዝ 18650 የለም። 18650 ማለት መጠኑ ነው፤ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር። በዚያች ቦታ ደህና የሚባለው ድንጋይ የሚይዘው 3,500 አካባቢ ነው። 3,000 የሚይዝም በጣም ጥሩ አለ። ስለዚህ 6800፣ 9900፣ 12000 የሚል ካየሽ ዝም ብለሽ እለፊው፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ውሸቱ ነው ያደገው። እኔ የምለየው በሚዛን ነው። ትክክለኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። ፎርጅዱ ቀላል ነው። ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ትልቁ ቆርቆሮ ውስጥ ትንሽ ድንጋይ ተሸጉጦ ይገኛል።

አሁን ቻርጀሩ። ሰው ብሩን ድንጋዩ ላይ ይጨርስና ቻርጀር ላይ ይቆጥባል። እኔ ግልባጩን ነው የምመክረው። የሊትየም ድንጋይ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ አበቃ። ጥሩ ቻርጀር እዚያ ሲደርስ ቮልቱን ይይዝና የሚያስገባውን ኃይል ቀስ በቀስ እየቀነሰ መጨረሻ ላይ ይዘጋል። ያንቺ ዓይነቱ ማቆም አያውቅም፤ ትኩሳቱ የመጣው ከዚያ ነው። እጅ የሚያቃጥል ድንጋይ እየሞላ ሳይሆን እየሞተ ነው።

ለወንድምሽ እንዲህ በይው፦ ኤክስታር ወይም ናይትኮር የሚባል ቻርጀር፣ ባለ ሁለት ቦታ፣ በዩኤስቢ የሚሠራ። ዩኤስቢውን አትናቂው። መብራት ከሌለ ከፓወር ባንክ ወይም ዩኤስቢ ካለው ሶላር ትሞያለሽ። በ1 አምፒር ቢሞላ ባዶው 3,500 አራት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ቸኩሎ በ2 አምፒር ከመሙላት ይሄ ይሻላል፤ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ድንጋዩ ደግሞ መከላከያ ሰርኪት ያለው፣ ፖዘቲቭ ጫፉ ወጣ ያለ ይሁን። ሰርኪቱ ከመጠን በላይ ሲሞላ፣ ሙጥጥ ብሎ ሲያልቅ ወይም ሾርት ሲሆን ይቆርጣል። ለቤት የሚሆነው ይሄ ነው። አንድ ጣጣ ግን አለው። በሰርኪቱ ምክንያት ርዝመቱ ወደ 69 እና 70 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ አንዳንድ የእጅ ባትሪ ውስጥ አይገባም። አሁን ያለውን ድንጋይ በማስመሪያ ለኪና ሞላውን ተጭነሽ ቦታ ይተርፍ እንደሆነ እዪ። 21700 የሚባለውን አያምጣ፤ ይወፍራል፣ አይገባልሽም።

ሽቦ ለኪ (ሐዋሳ)
ከዱባይ ድረስ ምን አስኬደው? አሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ ብትፈቱ ውስጡ ስድስት ኦሪጅናል 18650 ታገኛላችሁ። የተበላሸ የሶላር መብራት ውስጥም አለ። እኔ ዕድሜ ልኬን በሱ ነው የምሠራው።

ሞባይል ጠጋኙ (መገናኛ)
አንተ ቴስተር አለህ፤ እሷ የላትም። ከላፕቶፕ የወጣ ድንጋይ ከ2 ቮልት በታች ወርዶ ከከረመ ነፍስ ለመዝራት አይሞከርም፤ ውስጡ ተጎድቷል፣ ሲሞላ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። የሶላሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ 3.2 ቮልት ነው። መልኩ አንድ ነው፣ ኬሚካሉ ግን ሌላ ነው፤ የሚሞላው እስከ 3.65 ቮልት ብቻ ነው። የ4.2 ቻርጀር ላይ ከሰካሽው አለቀለት።

ላስቲኩ የተላጠውንም ተዉት። የድንጋዩ ገላ በሙሉ ኔጋቲቭ ነው። ፖዘቲቩ አናቱ ላይ ያለችው ክብ ብቻ ናት፤ ሁለቱን የምትለያቸው ከላስቲኩ ስር ያለች ስስ ቀለበት ናት። ጫፉ ላይ ላስቲኩ ከተቀደደ የቤት ቁልፍ ያለበት ኪስ ውስጥ መክተት በቂ ነው፤ ሱሪ ያቃጥላል።

የደይራው (ዱባይ)
ለወንድምሽ ከኔ አንድ ምክር። ትርፍ የሊትየም ድንጋይ ካርጎ በሚገባው ሻንጣ አይሄድም፤ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው። እያንዳንዱን በፕላስቲክ ሳጥኑ ያድርገው፤ ሳጥን ከሌለ ጫፎቹን በፕላስተር ይሸፍን። መጠኑ አያሳስብም። ገደቡ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ 3,500 የሚይዘው 12.6 ብቻ ነው። ከፌስታል ውስጥ እየተዘገነ የሚሸጠውን አይግዛ፤ ሱቅ ገብቶ ደረሰኝ ይቀበል።

የወተት ቤት (ደብረ ብርሃን)
እግዜር ይስጥልኝ። ድንጋዩን ሰፈራችን ወርቅ ሠሪ ጋ ወስጄ አስመዘንኩት። 28 ግራም! ሰውዬው ራሱ ሳቀብኝ። ሞላው ሲጫኑት ብዙ ይገባል፤ ረጅሙም የሚበቃው ይመስለኛል። ሌላ ጥያቄ፦ የእጅ ባትሪውን በረት ውስጥ ምስማር ላይ ሰቅዬ ነው የማሳድረው። የኛን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ በውርጭ ወቅት የባልዲው ውሃ ፊቱ ይረጋል። ይጎዳዋል?

ሞባይል ጠጋኙ (መገናኛ)
ብርድ ላይ ማብራት አይጎዳውም፤ ቶሎ ይደክማል እንጂ። ሙቀት ሲያገኝ ይመለሳል። ጉዳቱ ቀዝቅዞ ሳለ መሙላት ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ከሞላ እስከመጨረሻው ይጎዳል። ቤት አስገቢው፣ ትንሽ ይቆይ፣ ከዚያ ሰኪው። ሁለት ድንጋይ ይዞልሽ ይምጣ፤ አንዱ ሲሠራ አንዱ ይሞላል። ብርሃኑ ሲደክም ሙጥጥ እስኪል አትጠብቂ፣ ቀይሪው። ያንን አሮጌውን ደግሞ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነሽ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጪው፤ እሳት ውስጥ እንዳይጣል።

የወተት ቤት (ደብረ ብርሃን)
ያላችሁትን ሁሉ ጽፌ ላክሁለት። አሁን ፎቶ ልኮልኛል። "ባለ 12000 በግማሽ ዋጋ አገኘሁልሽ" ይላል።

የደይራው
ሚዛን ይዞ ይግባ በይው 😂